የኤድስ ገንዘብ እንዴት ተከፋፈለ? ከፓርክላንድስ እስከ አዲስ አበባ

በዚህ የታሪክ ዓምዳችን ዛሬ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አናወራም። የምናወራው ስለ ገንዘብ ነው፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ኤች.አይ.ቪ/ኤድስን ለመከላከልና ሕሙማንን ለማከም ስላወጡት ገንዘብ። መምህራን ለታሪክም ለሒሳብም ለሥነ ዜጋም ክፍለ ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ ብለን እናምናለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፓርክላንድስ እንነሳ

ከካምፕ ለሕክምና ወይም ለወረቀት ጉዳይ ናይሮቢ የደረሰ ሰው ፓርክላንድስን ሳያይ አይቀርም፤ ቢያንስ በማታቱ አልፎበታል። ከጥንት የህንድ ተወላጆች የሰፈሩበት፣ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። በሰርድ ፓርክላንድስ አቬኑ ላይ በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል አለ። ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታልም እዚያው ፓርክላንድስ ነው። ሁለቱም በሚገባ የተደራጁ ናቸው፤ ነገር ግን የግል ሆስፒታሎች ስለሆኑ የሚታከመው ከፋይ ነው።

ከዚያ ተነስታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ፣ ፓንጋኒን ስታልፉ ኢስሊ ትደርሳላችሁ። ኢስሊን ማስተዋወቅ አያስፈልገንም፤ ስንቱ ወገናችን የሚኖርበት ነው። ከኢስሊ ጎን ፑምዋኒ አለ። በ1980ዎቹ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፑምዋኒ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ደም መርምረው ቫይረሱ በብዛት መሰራጨቱን አረጋገጡ። እነዚያ ድሆች ሴቶች ደማቸውን በመስጠት ለዓለም ሳይንስ ብዙ አበረከቱ። በ1996 አካባቢ የተቀናጀው ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ሲገኝ ግን በናይሮቢ መጀመሪያ የደረሰው የመግዣ ገንዘብ ለነበረው ሰው ነው።

ታዲያ በሽታው በአንዱ ሰፈር ተጠንቶ መድኃኒቱ በሌላው ሰፈር የሚገኘው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ገንዘቡን ማን እንደያዘው፣ ማን እንደከፋፈለውና ማን እንደተቆጠረበት ማየት ይኖርብናል።

የዝምታው ዓመታት

በኬንያ የመጀመሪያው የኤድስ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1984 ነው። በኢትዮጵያም ቫይረሱ በደም ምርመራ መታየት የጀመረው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። ሁለቱም መንግሥታት ጉዳዩን ለጤና ሚኒስቴር ሰጡት። ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ታየ፤ በጀቱም በዚያው ልክ ትንሽ ነበር። ሰው በየቤቱ ይሞታል፤ ለቅሶ ላይ «የሳንባ በሽታ ነው» ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ያልተነገረ በሽታ በጀትም የለውም።

ዝምታውን መጀመሪያ የሰበሩት ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በኬንያ እነ አሱንታ ዋጉራ በ1993 ኬንዋ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። በኢትዮጵያም መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ብቅ አሉ። እነዚህ ማኅበራት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፊታቸውንና ስማቸውን ይዞ አደባባይ መውጣት ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የኬንያ ፓርላማ በ1997 የመጀመሪያውን የኤድስ ፖሊሲ ሰነድ አጸደቀ። ኢትዮጵያ በ1998 የኤች.አይ.ቪ/ኤድስ ፖሊሲዋን አወጣች። በኖቬምበር 1999 ፕሬዚዳንት ሞይ ኤድስን ብሔራዊ አደጋ ብለው አወጁ፤ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥርም ብሔራዊ የኤድስ ቁጥጥር ምክር ቤት ተቋቋመ። በኢትዮጵያ በ2000 ብሔራዊ የኤድስ ምክር ቤት በፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ ሰብሳቢነት ተመሠረተ። በ2002 ደግሞ ብዙዎቻችን «ሀፕኮ» ብለን የምናውቀው የኤች.አይ.ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ተቋቋመ። ጉዳዩ ከጤና ሚኒስቴር ቢሮ ወጥቶ ቤተ መንግሥት ደረሰ ማለት ነው።

ሁለት አገሮች በአንድ ቀን

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም አጋጣሚ አለ። በሴፕቴምበር 12 ቀን 2000፣ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1993፣ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የ500 ሚሊዮን ዶላር የኤድስ ፕሮግራም አጸደቀ። በዚያው ቀን ከዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ የተፈቀደላቸው ሁለት አገሮች ኢትዮጵያና ኬንያ ነበሩ፤ ለኢትዮጵያ 59.7 ሚሊዮን፣ ለኬንያ 50 ሚሊዮን ዶላር። ብድር ነው፤ ወለድ ባይኖረውም የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ ወደ ታች እንዲወርድ ታቅዶ ነበር። በኬንያ ከብሔራዊው ምክር ቤት ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ በ210ሩ የምርጫ ክልሎች ወደተቋቋሙ ኮሚቴዎች፣ ከዚያም ወደ ማኅበራት ይሄዳል። በኢትዮጵያ ደግሞ በክልልና በወረዳ በኩል እስከ ቀበሌ ይወርዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩን የሚያውቀው ሕዝቡ ራሱ ስለሆነ ገንዘቡም እሱ ዘንድ ይድረስ ነው።

ሥራው ግን እንደ ሐሳቡ ቀና አልሆነም። ፕሮፖዛል መጻፍ የሚችል ያገኛል፤ የማይችል አያገኝም። ኬንያውያን «የቦርሳ ድርጅት» የሚሏቸው፣ ቢሯቸው በእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ያለ ድርጅቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። የብሔራዊው ምክር ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ሰው እንኳ በ2004 በማጭበርበር ከፍ ያለ ደመወዝ ወስደዋል ተብለው በፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። ከዚያ ውጪ ብዙ ስብሰባ፣ ብዙ ፖስተር፣ ብዙ ቲሸርት ነበር። የማስተማር ሥራው ጥቅም የለውም አንልም፤ በየትምህርት ቤቱ የነበሩት ፀረ ኤድስ ክበባት ስንት ልጅ አትርፈዋል! ግን በአልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛ ቲሸርት ምን ይሆነዋል?

በዚያው ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ያደረጉትን ማስታወስ ይገባል። እድር የቀብር ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ይሰጣል። ሞቱ ሲበዛ የእድሮች ካዝና መራቆት ጀመረ። አንዳንዶቹ ቁጭ ብለው መከሩና ደንባቸውን አሻሻሉ፤ «ለሞተ ከምንከፍል፣ በሕይወት ያለውን ሕመምተኛና ወላጅ አልባ ልጆችን እንርዳ» አሉ። ኢኮኖሚስት ያልነካው የበጀት ድልድል ይሏል ይህ ነው። ከመቃብር ወደ ሕይወት የተዛወረ በጀት ነው።

ዋጋው ሲወድቅ

መንግሥታትና ለጋሾች ያኔ ለሕክምና ገንዘብ ያልመደቡበት ምክንያት «መድኃኒቱ ውድ ነው» የሚል ነበር። እውነትም ውድ ነበር፤ ለአንድ ሰው በዓመት 10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ። በ2001 መጀመሪያ ግን ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ያንኑ ዓይነት መድኃኒት በዓመት በ350 ዶላር እሸጣለሁ አለ። እስቲ በክፍል ውስጥ አስሉት። በአንድ ሚሊዮን ዶላር በድሮው ዋጋ 100 ሰው ለአንድ ዓመት ይታከማል። በአዲሱ ዋጋ 2,857 ሰው ይታከማል። ገንዘቡ ያው ነው።

ሆኖም የፓተንት ሕግ ርካሹን መድኃኒት በድንበር ያግደዋል። ስለዚህ በኬንያ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች፣ ሐኪሞችና የሕግ ባለሙያዎች ተባብረው ፓርላማውን ወተወቱ። በጁን 2001 ርካሽ መድኃኒት ማስገባት የሚፈቅደው የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ ጸደቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሆማ ቤይ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን ጀመረ። ትግሉ በዚህ አላበቃም። በ2008 የወጣው የሐሰተኛ ዕቃዎች ሕግ ርካሹን መድኃኒት ከሐሰተኛ ጋር ሊደባልቀው ሆነ። ሦስት ሕሙማን ከሰሱ፤ በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሕይወትና የጤና መብት ከፓተንት ይቀድማል ብሎ ፈረደላቸው።

ሌላም ምክንያት ይቀርብ ነበር። በ2001 የአሜሪካው የልማት ድርጅት የዩ ኤስ ኤይድ ኃላፊ፣ ብዙ አፍሪካውያን ሰዓት ስለማያውቁ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ይቸግራቸዋል የሚል ንግግር አደረጉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው በስድስት ሰዓት ተለይተን ነው፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ነው፣ ማታም ማታ ነው! በ2006 በታተመ ጥናት መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱት ከአፍሪካውያን ታካሚዎች 77 በመቶ፣ ከሰሜን አሜሪካውያን 55 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ በጀት የሚከለከለው አንዳንዴ በገንዘብ እጥረት ሳይሆን በንቀት ነው።

ትልቁ ገንዘብና ገመዱ

በኤፕሪል 2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ። አብዛኞቹ አልፈጸሙትም። ክፍተቱን የሞላው የውጭ ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 2002 ግሎባል ፈንድ ተቋቋመ። በ2003 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፔፕፋር የተባለውን የ15 ቢሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ዕቅድ አስጀመሩ፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ከ15ቱ ዋና ተጠቃሚ አገሮች ውስጥ ገቡ።

የፔፕፋር ሕግ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ዋሽንግተን ላይ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ከእያንዳንዱ 100 ሽልንግ 55ቱ ለሕክምና፣ 15ቱ ለሕሙማን እንክብካቤ፣ 10ሩ ለወላጅ አልባና ለተጎዱ ልጆች፣ 20ው ለመከላከል። ከመከላከያው ሲሶው፣ ማለትም 6 ሽልንግ ከ60 ሳንቲም ያህሉ፣ እስከ ጋብቻ መታቀብን ለማስተማር ይውላል። መታቀብ ለወጣት ይጠቅማል፤ ማን ይቃወማል? ነገር ግን ባሏ ቫይረሱ ያለበት ባለትዳር ሴት ከዚህ ትምህርት ምን ታገኛለች? በ2006 የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ይህ ድልድል አገሮች እንደየችግራቸው እንዳይሠሩ እያስቸገረ ነው ሲል ሪፖርት አደረገ። በ2008 ሕጉ ሲታደስ ይህ ግዴታ ላላ።

ገመዱ እንዳለ ሆኖ ገንዘቡ ሕይወት አዳነ። ኢትዮጵያ በ2003 በክፍያ የጀመረችውን ሕክምና በጃንዋሪ 2005 በነፃ አደረገች። ኬንያም በ2006 በመንግሥት ሆስፒታሎች የመድኃኒቱን ክፍያ አነሳች። የቃሬዛው ዘመን ማለፍ የጀመረው ያኔ ነው። ከአልጋ ተነስተው ዳግም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ መምህራን አሉ።

የተቆጠረና ያልተቆጠረ

ገንዘብ የሚከተለው ቁጥርን ነው። በመጀመሪያ ግምቱ የሚወሰደው ነፍሰ ጡሮች ለምርመራ ከሚሄዱባቸው ጥቂት ክሊኒኮች ነበር። በኋላ ቤት ለቤት ሲመረመር ሥዕሉ ተለወጠ። በኬንያ የ2003 ጥናት 6.7 በመቶ አዋቂዎች ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ በኒያንዛ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በጥናቱ ከተመረመሩት አንድም አልተገኘም። በኢትዮጵያ የ2005 ጥናት ውጤት 1.4 በመቶ ሆነ፤ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7። ታዲያ ገንዘቡ ለሁሉም እኩል ይከፋፈል ወይስ ችግሩ ወደ ባሰበት ይሂድ? «እኩል» እና «ፍትሐዊ» አንድ አለመሆናቸውን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ኢትዮጵያ ሌላም ክርክር አስነሳች። ከ2005 እስከ 2012 የጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩት በዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ዘመን የኤድስ ገንዘብ ለጤና ጣቢያ ግንባታ ጭምር ዋለ። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ተሰማሩ። የደገፉት ሰዎች «እናት በወሊድ እየሞተች ኤድስን ብቻ ማከም አይሆንም፤ ቤቱ ይሠራ» አሉ። የግሎባል ፈንድ ተቆጣጣሪ በ2012 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከተሠሩት ጤና ጣቢያዎች ብዙዎቹ ውሃና ዕቃ የጎደላቸው መሆኑን ነቅፎ ጻፈ። እኛ ሁለቱም ወገን እውነት አለው እንላለን። ቤት ያለ መድኃኒት ባዶ ነው፤ መድኃኒትም ያለ ቤት አይቀመጥም።

እኛስ የት ነን?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ካኩማ ካምፕ በ1992 ተቋቋመ፤ ከዋልዳ የተዛወሩ ኢትዮጵያውያን ቀድመው ከገቡት ናቸው። ብሔራዊ የኤድስ ዕቅድ የሚባለው እንደ ስሙ ለብሔሩ ነው፤ ስደተኛው ዜጋ አይደለም። ለስደተኛው የሚመደበው ገንዘብ ደግሞ ለአስቸኳይ እርዳታ ስለሆነ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይገዛም ይባል ነበር። «ነገ አገራቸው ቢገቡ መድኃኒቱ ይቋረጣል» የሚል ምክንያትም ነበረ። እንዲህ ሆነን በሁለት በጀት መካከል ወደቅን።

ስደተኛ በሽታ ያመጣል የሚለውም ወሬ ጎድቶናል። ከ2000 በኋላ በካኩማ የተደረገው ምርመራ ግን ቫይረሱ በካምፑ ነፍሰ ጡሮች ላይ ከሎድዋር ከተማ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በቁጥር የተመለሰ ስድብ ነው። ቀስ በቀስም ነገሮች ተለወጡ። በ2005 የዓለም ባንክ ለታላላቅ ሐይቆች አገሮች የኤድስ ፕሮግራም 20 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ፣ ኬንያን ጨምሮ በስድስቱ አገሮች ያሉ ስደተኞች በስማቸው ተጠቅሰው ገቡ። በ2007 ዩ ኤን ኤች ሲ አር ስደተኞች እንደ አካባቢው ሕዝብ ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ማግኘት አለባቸው የሚል ፖሊሲ አወጣ። ይህ የመጣው ሰዎች ደፍረው ስለተመረመሩ፣ ስለተመዘገቡና ስለጠየቁ ጭምር ነው።

የ2025 ትምህርት

በጃንዋሪ 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ። ሕይወት አድን ሕክምና በኋላ ከእገዳው ቢወጣም ብዙ ሥራ ተቋረጠ። በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የሚከፈላቸውን 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል አቋረጠ። ሃያ ዓመት የተገነባው በአንድ ፊርማ ተናጋ። በዲሴምበር 2025 ኬንያ ከአሜሪካ ጋር አዲስ የጤና ስምምነት ተፈራረመች፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አሜሪካ 1.6 ቢሊዮን፣ ኬንያ ራሷ ተጨማሪ 850 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጡ ተስማሙ። በዚያው ወር የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታካሚዎችን መረጃ ለአሜሪካ ማስተላለፍን የሚመለከተውን ክፍል ለጊዜው አገደ። መቆጠር ያስፈልጋል፤ የተቆጠረ ሰው ምስጢር ደግሞ መጠበቅ አለበት። ለስደተኛ ይህ ሁለተኛው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያሻንም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብንባል የምንይዘው ይህን ነው፦ የኤድስ ገንዘብ በራሱ ወደ ድሃ ፈስሶ አያውቅም። ከፓርክላንድስ ወደ ፑምዋኒ፣ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከዜጋ ወደ ስደተኛ የተሻገረው አንድ ሰው ተነስቶ «እኛም አለን፤ ቁጥራችን ይህ ነው» ባለ ጊዜ ነው። በጀት ሲከፋፈል ያልተገኘ ሰው ድርሻው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ በካምፓችን የጤና ኮሚቴ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ወይም የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ «ምን አገባኝ» አንበል። ተማሪዎቻችንም ደምሮ መቀነስን ሲማሩ የበጀት ወረቀት ማንበብን አብረው ይማሩ።

ለክፍል መወያያ

1. ለአንድ ካምፕ ጤና 100,000 ሽልንግ ተሰጣችሁ እንበል። ለትምህርት፣ ለመድኃኒት፣ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለትራንስፖርት እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።

2. ገንዘቡን የሚከፋፍለው ኮሚቴ ውስጥ እነማን መቀመጥ አለባቸው? ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ምስጢራቸው ሳይወጣ ድምፃቸው እንዴት ይሰማል?

3. የውጭ እርዳታ ነገ ቢቋረጥ መጀመሪያ ምን እንዳይቋረጥ ትፈልጋላችሁ? ለምን?

የክፍላችሁን መልስ ብትልኩልን ደስ ይለናል።